ስለ «ፔን»ና ስለ «ፔንስል»፤ ሁለት የሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላት፤ ትርጓሜያቸውና ትውልዳቸው



ቃል እንደ ሰው ነው፤ ትውልድና አገር አለው። ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር ሲኖር ልብሱንና አነጋገሩን እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ቃልም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ድምፁንና ትርጓሜውን ይለውጣል። ሁለት ሰዎች በመልክ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ወንድማማች ናቸው ተብሎ አይፈረድም፤ እንደዚሁም ሁለት ቃላት በፊደል ስለ ተመሳሰሉ ብቻ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ሊባል አይገባም። ደግሞም በመልክ ከቶ የማይመሳሰሉ ወንድማማቾች እንዳሉ፣ በድምፅ እጅግ የተራራቁ ሆነው ሳለ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት አሉ። የዛሬው ንግግር ይህን ነገር በሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ያስረዳል፤ እነርሱም «ፔን»ና «ፔንስል» ናቸው።

እነዚህ ሁለት ቃላት የተመረጡበት ምክንያት አለ። እንግሊዝኛ የሚማር ሕፃን ገና በመጀመሪያው ወራት ከሚያውቃቸው ቃላት መካከል ናቸው፤ ዕቃዎቹን በእጁ ይዟቸዋልና። «ፔን» ማለት በቀለም የሚጻፍበት ብዕር ነው፤ በሦስት ፊደል ይጻፋል። «ፔንስል» ማለት እርሳስ የሚባለው መጻፊያ ነው፤ በስድስት ፊደል ይጻፋል። የኋለኛው ቃል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ከፊተኛው ጋራ አንድ ናቸው፤ የሁለቱም ሥራ መጻፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ተነሥቶ «ፔንስል ማለት ትንሽ ፔን ማለት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። መምህሩም ነገሩ መልካም መስሎት «አዎን» ቢል አያስደንቅም፤ እንግሊዞች «ቡክ» ከሚለው ቃል «ቡክሌት» የሚል የታናሽ መጽሐፍ ስም አውጥተዋልና፣ ይህም እንደዚያ ይመስላል።

ነገር ግን መልሱ ስሕተት ነው። የመምህር ስሕተት ደግሞ እንደ ሌላ ሰው ስሕተት በአንድ ራስ ላይ አይቀርም። ሕፃን ከመምህሩ አፍ የሰማውን እንደ ተጻፈ ሕግ ይይዘዋል፤ ካደገም በኋላ ለሌላው ያስተምረዋል። ከዚህም የሚብሰው፣ ሕፃኑ ከአንድ ቃል ስሕተት በላይ የሚጎዳ ልማድ መማሩ ነው፤ ይኸውም የመሰለውን ሁሉ እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ መናገር ነው። ስለዚህ የሁለቱን ቃላት ትውልድ ከሥሩ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ «ፔን»። ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ የፈረንሳይ ቋንቋ ነው፤ ፈረንሳዮችም ከላቲን ወረሱት። በላቲን «ፔና» ማለት የወፍ ላባ ነው። የመጻፊያ ስም የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ብዙ መቶ ዓመት ሲጽፉ የኖሩት በላባ ነበርና። ይልቁንም ከዝይ ክንፍ ትልልቁን ላባ ነቅለው፣ አድርቀው፣ ጫፉን በቢላዋ ጠርበውና ሰንጥቀው፣ ከቀለም እየነከሩ ይጽፉበት ነበር። ከላባ አስቀድሞ የነበረው መጻፊያ ግን ሸምበቆ ነው። በ636 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያረፈው የሴቪል ሊቀ ጳጳስ ኢሲዶር ስለ ቃላት ምንጭ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የጸሐፊ ዕቃዎች ሸምበቆና ላባ መሆናቸውን ያመለክታል፤ ይህም በእርሱ ዘመን ሁለቱ ጎን ለጎን እንደ ነበሩ ያስረዳል። የላባው ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ አካሉ አንድ መሆኑንም የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ምሳሌ አድርጎ ተርጕሞታል።

እንግሊዞች በኪስ የሚይዙትን ትንሽ ቢላዋ እስከ ዛሬ «ፔንናይፍ» ይሉታል፤ ትርጓሜው የብዕር ቢላዋ ማለት ነው። ዛሬ ማንም በእርሱ ብዕር አይጠርብበትም፤ ስሙ ግን የጥንቱን ሥራ ይመሰክራል። «ፔን» የሚለው ስምም እንደዚሁ ነው። ከ1820 ዓመታት ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ፋብሪካዎች የብረት የብዕር ጫፍ በብዛት መሥራት ጀመሩ፤ ላባውም ቀስ በቀስ ቀረ። በ1884 አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን ቀለሙን በሆዱ ለሚይዝ ብዕር የፈጠራ መብት አገኘ። በ1938 ደግሞ የሀንጋሪው ተወላጅ ላስሎ ቢሮ በጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ለምትዞርበት ብዕር እንዲሁ የፈጠራ መብት አወጣ። ዕቃው ከላባ ወደ ብረት፣ ከብረትም ወደ ኳስ ተለወጠ፤ እንግሊዞች ግን ሁሉንም «ላባ» ብለው መጥራታቸውን አልተዉም፤ ብዙዎቹ ይህን እንደሚሉ ባያውቁትም።

በዚህ ነገር ላይ የግዕዝ ሊቃውንት የሚያውቁት ተመሳሳይ ነገር በኢትዮጵያ አለ። በአማርኛ «ብዕር» የሚባለው በግዕዝ «ብርዕ» ነው፤ ፊደላቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ቃሉ አንድ ነው። «ብርዕ» ማለትም አገዳ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። የብራና ጸሐፊ መቃውን በካራ ጠርቦ፣ ጫፉን ሰንጥቆ ይጽፍበታልና ስሙ ከዕቃው ወጣ። ከዚያ በኋላ የብረቱም፣ የኳሱም መጻፊያ «ብዕር» ተባለ። እንግሊዝ በኪሱ ላባ እንደሚይዝ፣ ኢትዮጵያዊም በኪሱ ሸምበቆ ይይዛል ማለት ነው።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። በጽርእ ቋንቋ ሸምበቆ «ካላሞስ» ይባላል፤ የሸምበቆ ብዕርም በዚሁ ስም ይጠራል። ዐረቦች ይህን ቃል ወስደው «ቀለም» አሉ፤ በእነርሱም ዘንድ ትርጓሜው ብዕር ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር ግን «ቀለም» መጻፊያው መሆኑ ቀርቶ የሚጻፍበት ጥቁሩና ቀዩ ውሃ ስም ሆነ። በድምፅ አንድ የሆነው ቃል ለዐረቡ ብዕር፣ ለኢትዮጵያዊው ማጥቆሪያ ነው። ስለዚህ የቃልን ትውልድ የሚፈልግ ሰው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ትርጓሜው በመንገድ ላይ የደረሰበትን ለውጥ ሊመረምር ይገባዋል።

አሁን ስለ «ፔንስል»። ይህ ቃል ደግሞ ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ በዚያም «ፒንሰል» ይባል ነበር። ፈረንሳዮች ከላቲን «ፔኒኪሉስ» ከሚለው ቃል አወጡት፤ «ፔኒኪሉስ» ማለት የሠዓሊ ብሩሽ ነው። ይህ ቃል «ፔኒኩሉስ» ለሚለው የታናሽነት ስም ነው፤ «ፔኒኩሉስ» ማለት አቧራ የሚጠረግበት ብሩሽ ነው፤ ይህም ራሱ በጥንቱ ላቲን ጅራት ለሚል ቃል የታናሽነት ስም ነው። የጥንት ሰዎች ብሩሹን ከእንስሳ ጅራት ጠጕር ይሠሩት፣ ቅርጹም ጅራት ይመስል ነበርና «ትንሽ ጅራት» አሉት። እንግዲህ «ፔንስል» በእርግጥ የታናሽነት ስም ነው፤ በዚህስ ሕፃኑ ወደ እውነት ቀርቦ ነበር። ነገር ግን የጅራት ታናሽ ነው እንጂ የላባ ታናሽ አይደለም።

በ14ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች «ፔንስል» ሲሉ የሠዓሊን ቀጭን ብሩሽ ማለታቸው ነበር። ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ጎረቤቶች አሉ። ፈረንሳዮች ዛሬም ብሩሽን «ፔንሶ» ይላሉ፤ እስፓኞች «ፒንሴል»፣ ጀርመኖች «ፒንዘል» ይላሉ፤ ሁሉም የሚናገሩት ስለ ብሩሽ ነው። እርሳስን ግን በሌላ ስም ይጠሩታል፤ ፈረንሳዮች «ክረዮን» ይሉታል፤ ይህም ጠመኔ ከሚል ቃል የወጣ ነው። ከብሩሽ ወደ እርሳስ የተሻገረው በእንግሊዝ አገር ያለው ቃል ነው።

ይህ መሻገር እንዴት ሆነ? በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን እንግሊዝ በኩምበርላንድ አውራጃ፣ በቦሮውዴል ሸለቆ፣ ጥቁርና ለስላሳ፣ በወረቀት ላይ ሲሳብ ምልክት የሚተው ማዕድን ተገኘ። ኮንራድ ጌስነር የተባለ የስዊስ ሊቅ በ1565 ባሳተመው መጽሐፍ በእንጨት እጀታ የተያዘ እንዲህ ያለ መጻፊያ ሥዕሉን ሥሎ አሳይቷል። አዲሱ ዕቃ እንደ ሠዓሊ ብሩሽ ቀጭን ነበረ፤ እንደ ብሩሽም ለመሣያ ያገለግል ነበርና እንግሊዞች የብሩሹን ስም ሰጡት። ዘመን ሲረዝም ብሩሽ ሌላ ስም ያዘ፤ «ፔንስል» የሚለው ስም ለእርሳስ ቀረ።

የማዕድኑ ስም ደግሞ ሌላ ስሕተት ይዞ መጣ። መልኩ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ስለ መሰለ ሰዎች «ጥቁር እርሳስ» ብለው ጠሩት። ለዚህም ስሕተት ምክንያት ነበረው፤ በአውሮፓ የጥንት ጸሐፊዎች በብራና ላይ መሥመር የሚያሰምሩት በእውነተኛ እርሳስ ቍራጭ ነበርና። በ1779 ግን ካርል ሼሌ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ መርምሮ ማዕድኑ ከእርሳስ ጋራ ዝምድና የሌለው፣ ይልቁንም ከከሰል ወገን የሆነ ካርቦን መሆኑን ገለጠ። በ1789 አብርሃም ቬርነር የተባለ የጀርመን ሊቅ በጽርእ «መጻፍ» ከሚለው ቃል አውጥቶ «ግራፋይት» የሚል ስም ሰጠው። በ1795 ደግሞ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋራ በጦርነት ላይ ሳለች የእንግሊዝ ግራፋይት ስለ ተከለከለባት፣ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋራ ለውሶና በእሳት ተኵሶ መጻፊያ ለመሥራት መብት አገኘ። አፈሩ ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ጽሕፈቱም ይደበዝዛል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቍራልም። በእርሳስ ጎን የሚታተሙት «ኤች»ና «ቢ» የሚባሉት ፊደላት ይህን ያመለክታሉ፤ የመጀመሪያው ጠንካራ፣ ሁለተኛው ጥቁር ማለት ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለው እርሳስ እስከ ዛሬ በዚሁ ብልሃት ይሠራል።

ሼሌ ስሕተቱን ከገለጠ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ የተሳሳተው ስም ግን አልተሻረም። ጀርመኖች ይህን መጻፊያ «ብላይሽቲፍት» ይሉታል፤ የእርሳስ እንጨት እንደ ማለት ነው። ዐረቦች «ቀለም ረሳስ» ይላሉ፤ የእርሳስ ብዕር ማለት ነው። አማርኛም ከዐረብኛው «ረሳስ» የመጣውን «እርሳስ» የሚል ስም ለብረቱም ለመጻፊያውም ሰጠ፤ ብረቱ በግዕዝ «ዐረር» ይባል ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ሕፃን «እርሳሴ» ሲል በእጁ የያዘው እርሳስ የሌለበት እርሳስ ነው። ይህን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እርሳስ የሚባለው ብረት ለሰው ሰውነት መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በስሙ ምክንያት ልጃቸው መርዝ የዋጠ የሚመስላቸው ወላጆች ቢኖሩ፣ የመጻፊያው ውስጥ ግራፋይትና ሸክላ እንጂ እርሳስ አለመሆኑን መምህሩ ሊያስረዳቸው ይችላል። ይሁን እንጂ እንጨቱ በውጭ የተቀባ ስለ ሆነ ሕፃናት እንዳያኝኩት መከልከል ይገባል።

እስከዚህ ድረስ «ፔን» ከላባ፣ «ፔንስል» ከጅራት እንደ ወጡ ታየ። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ «ሊቃውንቱ ይህን በምን አወቁት? እነርሱስ የመሰላቸውን እንደሚናገሩ ምን ይከለክላቸዋል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው የሚገባ ነው። በጥንት ዘመን በእውነት በመምሰል ብቻ ይነገር ነበር። ከላይ የተጠራው ኢሲዶር ራሱ፣ ምንም እንኳ በዘመኑ ታላቅ ሊቅ ቢሆን፣ የላባን ስም በድምፅ ከሚመስለው «መንጠልጠል» ከሚል የላቲን ቃል አውጥቶታል። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ግን ሥርዐት አገኙ። የዴንማርኩ ራስሙስ ራስክ በ1818፣ የጀርመኑ ያዕቆብ ግሪም በ1822 ባሳተሟቸው መጻሕፍት እንዳስረዱት፣ ላቲንና እንግሊዝኛ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረዱ ናቸው፤ በመለያየታቸውም ጊዜ ድምፆቹ በዘፈቀደ ሳይሆን በሕግ ተለወጡ። በላቲን የቃል መጀመሪያ «ፐ» በሆነበት በእንግሊዝኛ «ፈ» ሆኖ ይገኛል። አባት በላቲን «ፓተር» በእንግሊዝኛ «ፋዘር» ነው፤ ዓሣ በላቲን «ፒስኪስ» በእንግሊዝኛ «ፊሽ» ነው፤ እግር በላቲን «ፔስ» በእንግሊዝኛ «ፉት» ነው።

በዚህ ሕግ ሲመዘን የላቲኑ «ፔና» የእንግሊዝ ወንድሙ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ እርሱም «ፌዘር» ነው፤ ትርጓሜውም ላባ ማለት ነው። ሁለቱም መብረር ከሚል ከአንድ ጥንታዊ ሥር ወጡ። ከዚያው ሥር በጽርእ ክንፍ የሚባለው «ፕቴሮን» ይወጣል፤ በ1861 አንድ ፈረንሳዊ ከዚሁ ቃል «ሄሊኮፕተር» የሚለውን ስም ሠራ። እንግዲህ «ፔን» ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አጠገቡ ከተቀመጠው ከ«ፔንስል» ጋራ አይዛመድም፤ በሰማይ ከሚበረው ሄሊኮፕተር ጋራ ግን ይዛመዳል። «ፔንስል»ም የራሱ ዘመድ አለው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 በሎንዶን ያገኘውና ብዙ ሕሙማንን ያዳነው መድኃኒት «ፔኒሲሊን» ይባላል፤ ከሚገኝበት ሻጋታ ስም የተሰየመ ነው፤ ሻጋታውም በማጉያ መነጽር ሲታይ ትንሽ ብሩሽ ስለሚመስል ከላቲኑ የብሩሽ ስም ስሙን አገኘ። ስለዚህ የተማሪው እርሳስና የሐኪሙ መድኃኒት በስም ወንድማማች ናቸው።

ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በእንግሊዝኛ በጎችና ከብቶች የሚታጎሩበት ትንሽ በረት እንዲሁ «ፔን» ይባላል። ከብዕሩ ጋራ በፊደልም በድምፅም አንድ ነው፤ ትውልዱ ግን ሌላ ነው፤ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ እንጂ ከላቲን ላባ የመጣ አይደለም። ይህን ያልተማረ ተማሪ በጎቹ በብዕር ውስጥ ገቡ ብሎ ሊተረጕም ይችላል። የሚያድነው የዐረፍተ ነገሩን ጠቅላላ አሳብ መመልከት ነው።

ይህ ሁሉ የባዕድ ቋንቋ ነገር ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ ግዕዝ ይመልከት። «ሰአለ» ማለት ለመነ ነው፤ «ሠዐለ» ማለት ሥዕል ሣለ ነው። «መሀረ» ማለት አስተማረ ነው፤ «መሐረ» ማለት ይቅር አለ ነው። «ሰረቀ» የሌባ ነው፤ «ሠረቀ» የፀሐይ ነው፤ ወጣ ማለት ነውና። በዛሬው አማርኛ አነጋገር ድምፃቸው ስለማይለይ ጆሮ አንድ ያደርጋቸዋል፤ የሚለያቸው ፊደሉ ነው። የሰዋስው መምህር ደቀ መዝሙሩ እነዚህን ሲቀላቅል ዝም ብሎ እንደማያልፈው፣ የእንግሊዝኛ መምህርም እንደዚሁ ሊተጋ ይገባዋል። የግዕዝ ትምህርት ያላቸው ሽማግሌዎችም በዚህ ነገር ከአዲሱ ትምህርት ውጭ የቆሙ አይደሉም፤ ቃልን ከሥሩ የመመርመር ልማድ ቀድሞ የእነርሱ ነውና፣ በመንደራቸው ላለው መምህር ይህን ልማድ ቢያካፍሉት ታላቅ ርዳታ ነው።

ለመምህሩ ሥራ የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሁለት ቃላት በተመሳሰሉ ጊዜ በመጀመሪያ፣ ቃሉ በጥንት ዘመን እንዴት ይጻፍ ነበር ብሎ መጠየቅ ነው፤ የዛሬው መልክ ያሳስታልና። ሁለተኛ፣ በጥንት ዘመን ምን ማለት ነበር ብሎ መጠየቅ ነው፤ «ፔንስል» ብሩሽ እንደ ነበረ ያላወቀ ሰው ትውልዱን ከቶ አያገኘውም። ሦስተኛ፣ ጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ይህን ቃል እንዴት ይሉታል፣ ምንስ ይሉበታል ብሎ መጠየቅ ነው፤ አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላል፤ ሦስትና አራት ምስክሮች ከተስማሙ ግን ነገሩ ይጸናል። ደኅና መዝገበ ቃላት የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ብዙውን ጊዜ ይዟል። መዝገበ ቃላት በሌለበት መንደር ደግሞ መምህሩ «ይህን መርምሬ እነግራችኋለሁ» ቢል ክብሩ አይቀንስም፤ ተማሪዎቹም ከአንድ ቃል ትርጓሜ የሚበልጥ ነገር ይማሩበታል።

ነገ በትምህርት ቤት እነዚህን ሁለት ቃላት የሚያስተምር መምህር ቢኖር፣ ከሰሌዳው አጠገብ አንድ የዶሮ ላባና አንድ የፈረስ ጭራ ጠጕር ይዞ ይቁም። ላባውን አንሥቶ «ፔን»፣ የጭራውን ጠጕር አንሥቶ «ፔንስል» ይበል። ከዚያም ብዕሩንና እርሳሱን አሳይቶ እያንዳንዱ ከየትኛው እንደ ወጣ ይጠይቃቸው። ሕፃናቱ በዐይናቸው ያዩትን አይረሱም።